እድፍ የማይተው ዘይት

እንፋሎት ይሉታል። ስሙ ሌላ ነው፤ ግን ትክክለኛ ስሙን የሚያውቅ ሰው ቢፈለግ ከታላቅ እህቱ በቀር አይገኝም። ቅጽል ስሙ የወጣለት ዕድሜውን ሙሉ የዕጣን ዘይት በእንፋሎት ሲያነጥር ስለኖረና ሲናደድ እንደተከፈተ ቫልቭ በጥርሱ መሃል «እስስስ» ስለሚል ነው ይላሉ። እሱን ብትጠይቁት ግን ሌላ ምክንያት አለው። እንፋሎት ሁሉን ተሸክሞ ያወጣል፤ ሥራው ሲያልቅ በመስኮት ነው የሚሸኙት።

የሚሠራበት ክፍል ከታናሽ ወንድሙ ሱቅ ጀርባ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ግድግዳው ሙጫ ጠጥቶ ጠጥቶ የማር ቀለም የያዘ። መሃሉ ላይ ትልቁ በርሜል ተገትሯል። ከሥሩ ውሃ ይፈላል፣ ከውሃው በላይ በወንፊት ላይ የተከሰከሰው የዕጣን ሙጫ ይቀመጣል። እንፋሎቱ ሙጫውን ሰንጥቆ ሲያልፍ ቀላል ቀላሉን ሽታ ይዞ ይወጣል፤ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በተጠመዘዘ ቱቦ ሲወርድ ተመልሶ ውሃ ይሆናል፤ ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል። በበርሜሉ የቀረውን ዝቃጭ በአካፋ ያወጣና ጓሮ ይደፋል። ይኼ ነው ሥራው። ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ እሳቱን ትንሽ ሲያበዙበት ግን ዘይቱ የተቃጠለ ጎማ ይሸታል፣ ያን ጊዜ ነው የሚተዋወቁት።

ከዚያ ወረቀቱ ይመጣል። እንፋሎት ከየንጥሩ አንዲት ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ ጣል ያደርግና ወረቀቱን በርሜሉ ትከሻ ላይ ያስቀምጠዋል። ሙቀቱ ጠብታውን ቀስ አድርጎ ይወስደዋል። ወረቀቱ እንደነበረ ነጭ ከሆነ ዘይቱ ንጹሕ ነው። ቅባት የመሰለ ክብ እድፍ ከቀረበት አንድም ሌላ ዘይት ተደባልቆበታል፣ አንድም የማይገባ ነገር አብሮት ወጥቷል። በእሱ እጅ እድፍ የቀረበት ወረቀት የለም። ሰው ሲያገኝ ወረቀቱን እያውለበለበ፦

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። እኔ ወረቀቱን አስለቅቄዋለሁ፤ ያቃተኝ ሞኙ ነው» ይልና በዓይኑ ወደ ወንድሙ ቢሮ ያመለክታል።

በወንድሙ ላይ ያለው ቂም የትናንት አይደለም። አባታቸው ሲሞት ከሁለቱ መማር የሚችለው አንዱ ብቻ ነበርና እንፋሎት ደብተሩን ዘግቶ በርሜል ሥር ገባ፤ ታናሽየው ተማረ፣ ከረባት አሰረ፣ ድርጅት ከፈተ። እሺ፣ ይሁን። ግን ሱቁ የተመረቀ ዕለት እንግዶቹን እያዞረ ሲያስጎበኝ በርሜሉ ጋ ደረሰና «ይኼ ደግሞ ሠራተኛችን ነው» ብሎ አለፈ። ቤት ውስጥ «ጋሼ» የሚለው ልጅ! «ወንድሜ» ለማለት ምላሱ ከበደው። የወንድሙ ልጅ በኬሚስትሪ ስትመረቅም ፎቶ አንሺው «እርስዎ ትንሽ ወደ ግራ፤ አሁንም ወደ ግራ» እያለ ሳያውቀው ከክርኑ በቀር ከፎቶው አስወጣው። ሌላው ሰው ይህን ይረሳል። እንፋሎት አይረሳም። ምግብ የማይፈጭለት ሰው እንዳለ ሁሉ ንቀት የማይፈጭለት ሰውም አለ።

ለዚህ ነው አዲሱ መለያ ከማተሚያ ቤት የመጣ ቀን ልቡ የራደው። በየብልቃጡ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ላይ አንድ እጅ ታትሟል፤ ብልቃጥ በሁለት ጣት የያዘ፣ አውራ ጣቱ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ ያለበት። የእሱ እጅ! ወንድሙ በሆነ ጊዜ በስልኩ አንስቶት ኖሯል። ከእጁ በላይ «በባለሙያ እጅ የተነጠረ» ይላል። ባለሙያ! ፊቱ የለም፣ ስሙ የለም፣ ግን እጁ አለ። ከእጁ በታች ደቃቅ ጽሑፍ ነበር። እሱን አላነበበውም። አንዱን መለያ ልጦ ኪሱ ከተተና ቀኑን ሙሉ እየዳበሰው ዋለ።

ማታ ለእህቱ አሳያት።

እህቱን ሁሉም ሰው እትዬ ነው የሚላት። ባሏ ከሞተ ወዲህ አብራው ትኖራለች፤ ሁለቱንም ወንድሞቿን ያሳደገች እሷ ናት። በዚህ ምድር ላይ እንፋሎትን «አይችልም» ብላ የማታውቅ ፍጡር ብትኖር እትዬ ብቻ ናት። መለያውን ወደ መብራቱ አስጠግታ እያንዳንዷን ቃል በጣቷ እየተከተለች ጮክ ብላ አነበበች፦

«ቦስዌሊክ አሲድ የያዘ። ለመገጣጠሚያ፣ ለደም ግፊት፣ ለስኳር፣ ለእጢ ፍቱን።» ቀና አለች። «አየህ? አላልኩህም? ይኼ እጅ ተራ እጅ አይደለም!»

ግፊቷ የቆየ ነው፤ በየቀኑ ኪኒን ትውጣለች። ማለት፣ ትውጥ ነበር። ከዚያች ማታ በኋላ ምን እንደምታደርግ እንፋሎት ያወቀው ከሳምንታት በኋላ አንድ ጠዋት ቧንቧው ጋ ባልዲ ስትሞላ ወድቃ ጎረቤት ተጯጩሆ ሲጠራው ነው። ክሊኒክ ወሰዳት። ነርሷ መለኪያውን ክንዷ ላይ ጠመጠመች፣ ነፋች፣ ቁጥሩን አየች፣ አላመነችም፣ እንደገና ነፋች። ከዚያ ሐኪሙን ጠራች።

«ኪኒንዎን ይወስዳሉ?» አላት ሐኪሙ።

«ከዚያ የተሻለ እየወሰድኩ ነው» አለች እትዬ፣ ኮራ ብላ። ከጉያዋ ብልቃጡን አወጣች። ጠዋትና ማታ በሻይ ውስጥ ጠብ እያደረገች ስትጠጣ ከርማለች። ኪኒኑ እንደታሸገ ትራሷ ሥር ነው።

ሐኪሙ እንፋሎትን ወደ ኮሪደር አወጣው። «በዚህ ከቀጠለች በሚቀጥለው ጊዜ የምትወድቀው ባልዲ ላይ አይሆንም» አለው። «ወይ አንጎሏ ውስጥ ደም ይፈሳል፣ ወይ ልቧ ይደክማል። እባክህ አሳምናት።»

አሳምናት! እትዬን! ቤት ሲደርሱ ኪኒኑን ከውሃ ጋር አቀረበላት። ኪኒኑንም እሱንም እያፈራረቀች አየች።

«ይኼን የሠራው ማን ነው?» አለች ኪኒኑን እያሳየች።

«ፋብሪካ ነዋ፣ እትዬ።»

«ፋብሪካው እናቴ የወለደችው ነው? ይኼን የሠራው ግን ወንድሜ ነው። እጁ ላይ ተጽፏል።»

«እጄ ላይ የጻፈው እኔ አይደለሁም።»

«ታዲያ ውሸት ነው? ውሸት ነው በለኝ፣ አሁን እውጣለሁ።»

እንፋሎት ሊላት ፈለገ። ግን ዕድሜውን ሙሉ የጠበቀው ክብር መጥቶ በሩ ላይ ቆሟል፣ ውጣ በለው ነው የምትለው። «እኔ... ምን አውቄ» አለ።

«እንግዲያው ተወኝ። ድሮ ‹ይኼ ልጅ አይረባም› ሲሉህ አላመንኳቸውም። ዛሬ ‹ዘይቱ አይረባም› ሲሉ ላምናቸው? እምቢ!» ውሃውን ለብቻው ጠጣችና ብርጭቆውን መለሰችለት።

በማግስቱ የወንድሙ ልጅ ወደ በርሜሉ መጣች። ኬሚስቷ። ላቦራቶሪ ነው የምትሠራው፤ መነጽሯ በእንፋሎቱ ስለጨፈገገባት አውልቃ በቀሚሷ ጠረገችው።

«ጋሼ፣ አክስቴ እንደወደቀች ሰማሁ። ስለ መለያው ላናግርህ ነው የመጣሁት። አባዬን ነግሬው አልሰማኝም።»

«እሱ ያልሰማውን እኔ እንድሰማ? ጥሩ ነው፤ የሱ ፍርፋሪ ሁሌም ለኔ ነው።»

«መለያው ላይ ያለው አሲድ ዘይቱ ውስጥ የለም።»

«እስስስ!» አለ እንፋሎት። «እኔ ነኝ የሰረቅሁት?»

«ማንም አልሰረቀውም። ሙጫው ውስጥ አለ። ግን ከባድ ነገር ነው፤ እንፋሎት አይሸከመውም።»

እንፋሎት አካፋውን መሬት ላይ ጣለው። «እንፋሎት ያልተሸከመው ምን አለ በዚህ ቤት? አባትሽን ተሸክሜ ነው ያስተማርኩት። አንቺንም ትከሻዬ ላይ ነው ያሳደግሁሽ፤ ያውም ፀጉሬን እየነጨሽ!»

ሳቋ አመለጣት። እሱም ሊስቅ ነበር፣ ግን የፎቶው ነገር ትዝ አለውና ተወው።

«ስማኝ ብቻ» አለች። «ዘይትህ ውስጥ ያለው ቀላል ቀላሉ ነው። አልፋ ፓይኒን የሚባል አለ፤ ያ የጥድ ሽታ የምትለው። ሊሞኒን አለ፤ ብርቱካን ስትልጥ ዓይንህን የሚቆጠቁጥህ። እንደ ዕጣኑ ዓይነት ደግሞ ኦክታይል አሲቴት አለ፤ የፍራፍሬ ሽታ ያለው። እነዚህ በሙቀት ይበራሉ፣ ስለዚህ አብረው ይወጣሉ። ሰው ላይ ጉልበት ሲያም ተሞከረ የሚባለው ግን ዘይቱ አይደለም፣ ከሙጫው በአልኮል የሚወጣው ነው። እሱም ቢሆን ጥናቱ ትንንሽ ነው። ለግፊት ደግሞ... ማንም አክስቴን ‹ኪኒንሽን ጣይ› አላላትም።»

«ዘይቱ ጀርም ይገድላል ሲባል ሰምቻለሁ።»

«ብርጭቆ ውስጥ አንዳንዱን ይገድላል። ብርጭቆ ውስጥ ያለ ጀርም ደግሞ ሰው ሆድ ውስጥ አይደለም፣ ጋሼ።»

«ስለዚህ ከንቱ ነው። የዕድሜ ልክ ሥራዬ ሽታ ነው። በይ፣ በግልጽ ተናገሪ፤ የተማረ ሰው ሲሰድብ እንኳ ያሳጥራል።»

«እንደሱ አላልኩም! ደስ የሚል ሽታ ቀላል ነገር ነው እንዴ? ሰው ደክሞት ገብቶ ሲያሸተው ትከሻው ይወርዳል። በሌላ ዘይት ቀጥኖ ሲታሹበትም ደስ ይላል፤ ደግሞ ትኩስ መሆን አለበት፣ ሲያረጅ ቆዳ ይቆጣል። እሱ ነው ዘይትህ። ያልሆነውን አትበለው ነው የምልህ።»

«ቃልሽን ብቻ ይዤ እንድሄድ ነው? እኔ በቃል ብዙ ተሸውጃለሁ።» ከኪሱ ነጭ ወረቀት አወጣ። «እኔ የማምነው ይኼን ነው። አየሽው? ንጹሕ!»

ኬሚስቷ ወረቀቱን አየች፤ ከዚያ ጓሮ የተደፋውን ዝቃጭ አየች። ወጥታ ከዝቃጩ ቁራጭ ይዛ መጣች፤ ከቦርሳዋ የእጅ ማጽጃ አልኮል አወጣች፤ ዝቃጩን በብልቃጥ ክዳን ውስጥ በአልኮሉ አሟሟችው። አንዲት ጠብታ ወረቀቱ ላይ ጣለች። «አንተ ደግሞ ከዘይትህ ከጎኗ ጣል» አለችው።

ጣለ። ወረቀቱን በርሜሉ ትከሻ ላይ አኖሩት። ሁለቱም ወረቀቱ ላይ ጎንበስ አሉ፤ በርሜሉ ይንተከተካል። የዘይቱ ጠብታ ጠበበች፣ ደበዘዘች፣ ጠፋች። የዝቃጩ ጠብታ ቢጫ ሆና፣ ጣት ስትነካት የምታጣብቅ ሆና እዚያው ቀረች።

«ከባዱ ነገር ዘይቱ ውስጥ ቢኖር ኖሮ...» አለች ልጅቷ።

«ዝም በይ» አለ እንፋሎት። «ገብቶኛል።»

ገብቶታል። ይኼ ሁሉ ዘመን ሲኮራበት የኖረው ነጭ ወረቀት ሲናገር የኖረው ይኼንኑ ነው። በመለያው የሚፎከርለት ነገር ከአካፋው ጋር ጓሮ ሲደፋ ኖሯል፤ የደፋውም እሱ ነው፤ ዝንብና ጉንዳን ቦስዌሊክ አሲዱን ሲረግጡት ከርመዋል። ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተ።

«አመሰግናለሁ አልልሽም» አላት። «ግን ያቺን ፎቶ ስታጥቢ አንድ ጊዜ ደግመሽ እዪያት። በግራ በኩል የማን ክርን እንደሆነ ጠይቂ።»

ልጅቷ ክርኑ ምን እንደሆነ አልገባትም። ይግባት አይግባት ግድ አልነበረውም። ወደ ወንድሙ ቢሮ ሄደ።

ታናሽየው ስልክ ላይ ነበር። በጣቱ ቆይ አለው። እንፋሎት አልቆየም፤ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ከእህታቸው መውደቅ ጀምሮ ሁሉን ነገረው። ወንድሙ ስልኩን ዘጋና ተነፈሰ።

«ጋሼ፣ ሁሉም እንዲህ ነው የሚጽፈው። ገበያ ነው።»

«እትዬ ገበያ ናት?»

«እትዬን እኔ አልጠላኋትም! ኪኒኗን ትዋጥ፣ ማን ከለከላት? ዘይቱንም ትጠጣ። ሁለቱን።»

«ሁለቱን አትዋጥም። መለያህ ላይ ‹ፍቱን› እስካለ አንዱን ነው የምትመርጠው፤ የምትመርጠው ደግሞ የኔን እጅ ነው። ደቃቁን ጽሑፍ አውጣው።»

«ዛሬ? ከሰዓት ገዢዎቹ ይመጣሉ። ሁሉ ነገር ታትሟል። ደግሞ...» ወንድሙ ከረባቱን አስተካከለ። «እትዬ ራሷ ልትመሰክር ነው። ትናንት ነግሬያት እሺ ብላኛለች። በዘይቱ ግፊቷ እንደዳነ ለእንግዶቹ ትናገራለች።»

እንፋሎት እስስስ አላለም። ያ ነው ወንድሙን ያስፈራው።

«ወድቃ ክሊኒክ ነበረች እያልኩህ ነው።»

«ተነሥታለች እኮ። ሥራህ ማንጠር ነው፤ ስለሌላው ከባለቤቱ ያወቀ አትሁን። በርሜልህን ጠብቅ።»

እንፋሎት ወረቀቱን አነሣ። ወደ በርሜሉ ተመለሰ፣ እሳቱን አጠፋ። ከሰዓት በኋላ እሳት የጠፋበት በርሜል ያ ክፍል አይቶ አያውቅም። ከዚያ ሐኪሙ የሰጠውን ኪኒን ይዞ ቤት ሄደ። እትዬ የክት ልብሷን ለብሳ ልትወጣ ነበር። መንገድ ላይ አንድ ቃል ቢናገር እንደማትሰማው ያውቃል፤ ስለዚህ ምንም አላላትም፤ ቦርሳሽን ልያዝልሽ ብሎ ተቀበላትና ኪኒኑን ከውስጥ ከተተው። አብረው ወደ ድርጅቱ ሄዱ። በር ላይ የቆመው ጥበቃ እትዬን ጎንበስ ብሎ አሳለፋት፤ እሱን «አንተ በጓሮ» አለው።

«ዛሬ በፊት ነው» አለ እንፋሎት፣ ገባ።

አዳራሹ ወንበር በረድፍ ተደርድሮበታል። ገዢዎቹ ተቀምጠዋል፣ ደህና ደህና ልብስ የለበሱ። ጥግ ላይ ጠረጴዛ አለ፤ ሻይ፣ ብስኩት፣ በኤሌክትሪክ የሚፈላ ትልቅ የሻይ ማሽን። እንፋሎት በሥራ ቱታው ሻይ ማሽኑ ጋ ቆመ፤ አስተናጋጅ መስሏቸው አንዱ ገዢ ብርጭቆውን ዘረጋለት። ቀዳለት። ይኼም ንቀት ነው፤ ሒሳቡ ላይ ጨመረው።

ታናሽየው ንግግሩን ጀመረ። ስለ ጥራት፣ ስለ ተፈጥሮ፣ ስለ ሳይንስ። ልጁ ከኋላ ረድፍ ተቀምጣ ጣቶቿን ታፍተለትላለች። «አሁን ደግሞ» አለ ታናሽየው፣ «በዚህ ዘይት ጤናዋን ያገኘች እናት ትናገራለች።»

እትዬ ተነሣች። ስትነሣ በወንበሩ መደገፊያ ላይ እጇን እንዴት እንደጣለች፣ ወለሉ እንዴት እንደዞረባት፣ ከንፈሯን እንዴት እንደነከሰች ያየ እንፋሎት ብቻ ነበር።

«እትዬ፣ ከመናገርሽ በፊት» አለ ከጥግ።

አዳራሹ ሁሉ ዞረ። «ይቅርታ» አለ ታናሽየው ፈገግ ለማለት እየሞከረ፣ «ሠራተኛችን ነው።»

«ሠራተኛህ ነኝ» አለ እንፋሎት። «ወንድምህም ነኝ፤ ታላቅህ። ለእንግዶቹ እሱን መንገር ረስተህ ነው፣ ግድ የለም እኔ ነገርኳቸው። ይህን እጅ ታውቁታላችሁ?» እጁን ከፍ አድርጎ አሳየ፣ የአውራ ጣቱን ጠባሳ። ገዢዎቹ በፊታቸው ያለውን ብልቃጥ አዩ፤ እጁን አዩ። አንዲት ሴት «እውነትም!» አለች።

እንፋሎት ከፊታቸው አንዱን ብልቃጥ አንሥቶ ከፈተ። ነጭ ወረቀት አወጣና አንድ ጠብታ ጣለበት፤ የሻይ ማሽኑ ክዳን ላይ አኖረው።

«ይኼን ያነጠርኩት እኔ ነኝ። መለያው ከባድ አሲድ አለበት ይላል፤ እንፋሎት የማይሸከመው፣ በሙቀት የማይበር። ካለ ወረቀቱ ላይ ይቀራል። አሁን እናያለን።»

«ጋሼ፣ ውጣ!» አለ ታናሽየው።

«ሲደርቅ እወጣለሁ።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሰው ነገር ሲፈላ ማየት ይወዳል። ሽታው በአዳራሹ ተነሣ፤ ያ ጥድና ብርቱካን የተጋቡበት ሽታ፤ ከፊት ያሉት ሳያውቁት አየሩን ሳቡ። እንፋሎት አያቸውና ልቡ ሞቀ። መልካም ዘይት ነው። ከዚህ በላይ መሆን አያስፈልገውም ነበር።

ወረቀቱን አንሥቶ ለሌላ ለማንም አልሰጠም፤ ለእትዬ ሰጣት።

«ምን ቀረበት?»

እትዬ ወደ መስኮቱ አዞረችው፣ በጣቷ ዳበሰችው። «ምንም።»

«እህ!» እንፋሎት ወደ ወንድሙ ዞረ። «እንግዲህ ምረጥ። ወረቀቱ ነጭ ከሆነ መለያህ ውሸታም ነው። ወረቀቱ ቢያድፍ ኖሮ ደግሞ ሌላ ነገር ቀላቅለን ሁለታችንም ሌቦች ነበርን። እኔ ሌባ አይደለሁም። ስለዚህ ያቺን ቃል ከእጄ ሥር አንሣ፤ አለበለዚያ እጄን መልስልኝ!»

«በሰው ፊት!» አለች እትዬ። ፊቷ ቀላ። «በሰው ፊት አዋረድከኝ? እኔ ለአንተ ብዬ...»

«ለኔ ብለሽ አትሙቺልኝ» አላት። ድምፁ አልለሰለሰም፤ ቢለሰልስ ያለቅስ ነበር። «ውሸት ነው በለኝ ብለሽኝ ነበር። ያኔ ምላሴን ያዘኝ፤ እጄ ታትሞ ስላየሁት ደስ ብሎኝ ነው። አሁን ልንገርሽ። ውሸት ነው። ዘይቱ ጥሩ ነው፤ ይሸታል፣ ያሳርፋል፣ በዚያ ያበቃል። ግፊትሽን አያወርድም። አይረባም ያለሽ ሌላ ሰው ቢሆን አትመኚው። እኔ ነኝ ያልኩሽ።»

እትዬ ወረቀቱን አጠፈች፣ ደግማ አጠፈች። ከዚያ ወደ ገዢዎቹ ዞረች፤ ምስክርነት የተጠራች ሴት ናትና።

«ልመስክር ተብያለሁ፣ እመሰክራለሁ» አለች። «ይኼን ዘይት ጠጥቼ ባልዲ ላይ ወድቄያለሁ። ሽታው ግን እውነቱን ነው፣ ደስ ይላል።»

አንዱ ገዢ በሻይው ትን አለው። ታናሽየው «እትዬ፣ እባክሽ» እያለ ቀረባት።

«አንተ ዝም በል» አለችው፣ በልጅነቱ አፍንጫውን ስትጠርግለት በነበረችበት ድምፅ። ቦርሳዋን ከፈተች፤ ኪኒኑን አገኘችው፤ እንፋሎትን በአንድ ዓይኗ ገላመጠችው። «እዚህ ማን እንደከተተው አውቃለሁ። ሌባ አይደለሁም ይላል ደግሞ!» ከዚያ ለታናሽየው፦ «ምን ቆመሃል? ውሃ አቀብለኝ።»

የድርጅቱ ባለቤት፣ ከረባቱን እንዳሰረ፣ በእንግዶቹ ሁሉ ፊት ሄዶ ለእህቱ ውሃ ቀድቶ አመጣ። እትዬ ኪኒኗን ዋጠች። ዋጥ ስታደርግ ጉሮሮዋ ሲንቀሳቀስ እንፋሎት አየ፤ ከዚያ በኋላ አዳራሹ ውስጥ የቀረው ነገር አላስጨነቀውም።

ተባረረ፤ ይኼ አዲስ ነገር አይደለም። ወንድሙ ሌላ ነጣሪ ቀጠረ፤ ሰውየው እሳት ያበዛ ነበርና ዘይቱ ጎማ ጎማ ሸተተ። ከዚያ ልጁ ወደ እንፋሎት ተላከች። «አባዬ ተመለስ ይልሃል፣ ጋሼ።»

«መለያውን ፍቆ ይምጣ። እግር አለው፤ ራሱ ይምጣ። ከደጅም ‹ወንድሜ› ብሎ ይጥራኝ፣ ጎረቤት እንዲሰማ።»

«እሱማ አይልም።»

«እንግዲያው ጎማውን ያሽት።»

ልጅቷ ስትወጣ ከቦርሳዋ አንድ ፎቶ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ትታለት ሄደች። የምረቃው ነው፤ እንደገና ያሳጠበችው፤ በግራ በኩል ያልተቆረጠው። አንድ ክርን። ክርን ብቻ፣ ግን አለ። እንፋሎት እስስስ አለ፤ ቢሆንም አልጣለውም።

እትዬ ክሊኒክ ስትሄድ ነርሷ አሁን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምትነፋው። ኪኒኗን ስትውጥ ሁልጊዜ ታጉረመርማለች፤ «ለሐኪሙ ብዬ እንዳይመስልህ» ትለዋለች። ብልቃጡን ግን አልጣለችም። መስኮቱ ላይ አስቀምጣዋለች፤ ስትተኛ ከፍታ ታሸተዋለች። አንድ ቀን እንፋሎት አንሥቶ ሲያየው መለያው በጥፍር ተፍቋል፤ አሲዱም፣ ግፊቱም፣ እጢውም፣ «ፍቱን»ም የሉም። እጁ ብቻ ቀርቷል።

«ይኼንንስ ለምን ተውሽው?» አላት።

«እሱ ምን አደረገ?» አለች እትዬ፤ ብልቃጡን ነጥቃ ወደ ቦታው መለሰችው።